የአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብ ሰዓቱ ከየት እስከ የት ይቆጠራል?

በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ አዋሽ ከዳርቻው ወጥቶ የታችኛውን አፋር በሸፈነበት ሰሞን ከአንድ አነስተኛ የአገር ውስጥ የእርዳታ ድርጅት ጋር እሠራ ነበር። ወደ ዱብቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ውሃው ያልደረሰው ከፍ ተደርጎ የተሠራው የመንገዱ ክፍል ላይ ብቻ ስለነበር፣ ሰዎች ፍየሎቻቸውንና ያተረፏቸውን ጥቂት ምንጣፎች ይዘው በጠርዙ ላይ ተደርድረዋል። ግራና ቀኙ ውሃ ነው፤ የሚጠጣ ውሃ ግን የለም። አንዲት እናት በቢጫ ጀሪካን ከጎርፉ ቀድታ፣ ጀሪካኑን በራሷ ጥላ ውስጥ አስቀምጣ እስኪጠልል ትጠብቅ ነበር። ልጇ ሁለት ጊዜ ሊጠጣ ጎንበስ ሲል ሁለቱንም ጊዜ በእጇ መለሰችው፤ በሦስተኛው ግን ዝም አለችው።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ ፕሮጀክታችን መጽደቁን የሚገልጽ ኢሜይል ደረሰን። ማመልከቻውን ካስገባን ገና 4ኛ ቀናችን ነበርና ሁላችንም ከልብ ተደሰትን፤ እኔም ከመንገዱ ዳር ሆኜ ለባልደረቦቼ ደውዬ እንኳን ደስ አላችሁ አልኩ። በዚያ ገንዘብ የተገዛው ጀሪካንና የውሃ ማከሚያ ሰዎቹ እጅ የገባው ግን ከጸደቀ ከ27 ቀን በኋላ ነው። ፕሮጀክቱ ሲጠናቀቅ በወጣው ሪፖርት ላይ የምላሹ ፍጥነት «4 ቀን» ተብሎ ተመዘገበ። 27ቱ ቀን በየትኛውም ሠንጠረዥ ውስጥ አልገባም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ፈጣን የሰብዓዊ እርዳታ ገንዘብ በተነሳ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው መቼ ነው? የሚቆመውስ የት ላይ ነው? ለጋሹ «አዎ» ሲል የሚቆም ሰዓትና ጀሪካኑ ሰው እጅ ሲገባ የሚቆም ሰዓት የተለያዩ ናቸው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ ተቅማጥ ሕፃናትን የሚገድልበት ጊዜ ነው።

የገንዘብ መዘግየት ምን እንደሚያደርግ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለጋሾችን ሰብስቦ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለረሃብ መጋለጡን አስታወቀ። ያገኘው ምላሽ ግን ከነገሩ ክብደት ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። የዓለም ሕዝብ ልቡ የተነካው ከኮረም የተቀረፀው ምስል በቢቢሲ በታየበት በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር። በመካከሉ 7 ወር አለፈ፤ ክረምቱም ከነርሃቡ አለፈ። የአገሪቱ መንግሥትም ቢሆን በዚያ መስከረም የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድምቀት ያከብር ስለነበር ከተጠያቂነት አያመልጥም። አውሮፕላኑና እህሉ በብዛት መምጣት የጀመሩት መቃብሩ ከተቆፈረ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ያ ጊዜና ተከትለው የመጡት ቀውሶች ያስተማሩት ነገር፣ አደጋ ሲደርስ ገንዘብ መለመን ከመጀመር ይልቅ ገንዘቡን አስቀድሞ በአንድ ቋት ማኖር እንደሚሻል ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1991 ባሳለፈው 46/182 በተባለው ውሳኔ 50 ሚሊዮን ዶላር የሚይዝ ማዕከላዊ ተዘዋዋሪ ፈንድ እንዲቋቋም አደረገ። ይህ ፈንድ ግን ብድር ነበር፤ ድርጅቶቹ ወስደው ሥራ ይጀምራሉ፣ ለጋሾች ሲሰጧቸው ይመልሳሉ። ለጋሽ እንደሚያገኝ እርግጠኛ ያልሆነ ድርጅት ደግሞ ለመበደር አይደፍርም፤ ስለዚህም ማንም ዞር ብሎ ያላያቸው ቀውሶች ከዚህ ቋት እምብዛም አልተጠቀሙም። ጉባኤው ፈንዱን በታኅሣሥ 2005 እ.ኤ.አ. በአዲስ መልክ አደራጀው፤ ዋናው መስኮቱም፣ ማለትም ገንዘብ የሚሰጥበት ክፍሉ፣ ብድር መሆኑ ቀርቶ የማይመለስ ድጋፍ ሆነ፤ በመጋቢት 2006ም ሥራ ጀመረ። ዛሬ ሰርፍ እየተባለ የሚጠራው ማዕከላዊ የአስቸኳይ ጊዜ ምላሽ ፈንድ ይህ ነው። ከ100 በላይ አገሮች ውስጥ ሠርቷል። አንደኛው መስኮቱ ድንገት ለደረሰ ወይም በድንገት ለተባባሰ አደጋ ሲሆን፣ ሌላው ለተረሱና ገንዘብ ላጡ ቀውሶች የሚከፈት ነው። የዚህ የሁለተኛው መስኮት መኖር ትልቅ ማስተዋል ነው እላለሁ፤ ካሜራ ያልደረሰበት ረሃብም ረሃብ ነውና።

ሰርፍ ገንዘቡን በቀጥታ የሚሰጠው ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ብቻ ነው። መንግሥታዊ ላልሆኑ ድርጅቶች በቀጥታ የሚሰጡት በየአገሩ ያሉት የጋራ ፈንዶች ናቸው፤ የእኛው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ ፈንድም ሰርፍ ሥራ በጀመረበት በ2006 የተቋቋመ ሲሆን፣ መጀመሪያ የሰብዓዊ ምላሽ ፈንድ ይባል ነበር። የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የራሱን የአስቸኳይ ጊዜ ቋት ያቋቋመው ከሁሉም ቀድሞ በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች በጋራ የሚያስተዳድሩት ስታርት ፈንድ መጣ። የዚህኛው አሠራር አባል ድርጅቶች ራሳቸው ማስጠንቀቂያ እንዲያነሱ፣ ራሳቸው ተሰብስበው እንዲወስኑና ማስጠንቀቂያው በተነሳ በ72 ሰዓት ውስጥ ገንዘቡ ለማን እንደሚሰጥ እንዲለይ ያስገድዳል፤ ፕሮጀክቱም በ45 ቀን ማለቅ አለበት። 45 ቀን አጭር ነው ብለው የሚያማርሩ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ ግን የጊዜው ማጠር ድርጅቶቹን ከአደጋው ጋር ያልተያያዘ ሥራ በአስቸኳይ ስም እንዳይጭኑ ስለሚከለክላቸው ጥሩ ገደብ ነው ብዬ አምናለሁ።

እነዚህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለማንቋሸሽ አይደለም። ከ1976ቱ ረሃብ ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ሰማይና ምድር ናቸው። የውሳኔው ሰዓት አጥሯል፤ ያላጠረው ከውሳኔው በኋላ ያለው መንገድ ነው። ይህን መንገድ በወረቀት ላይ የሚያውቀው ብዙ ነው፤ በእግሩ የሄደበት ግን ጥቂት በመሆኑ ትንሽ ልዘርዝረው።

ፕሮጀክት ጸደቀ ማለት ውል ተፈረመ ማለት አይደለም። በመጀመሪያ የተቀባዩ ድርጅት አቅም ይመረመራል፤ የምዝገባ ፈቃዱ፣ ያለፉት ዓመታት የኦዲት ሪፖርቱ፣ የግዥ መመሪያው፣ የቦርድ አባላቱ ዝርዝር ይጠየቃል። ከለጋሹ ጋር ከዚህ በፊት ሠርቶ የማያውቅ ከሆነ ይህ ብቻ ሳምንታት ይወስዳል። ከዚያ የውሉ ረቂቅ ይመጣል፣ በጀቱ ላይ ጥያቄ ይነሳል፣ የነዳጅ ወጪ ለምን ከፍ አለ ይባላል፣ መልስ ይጻፋል። ፈራሚው መስክ ላይ ነው፤ ወይም ዓርብ ከሰዓት ነው፤ ወይም በዓል ነው። ከተፈረመ በኋላ ገንዘቡ በውጭ ምንዛሪ ተልኮ ባንክ ይደርሳል፤ ባንኩም የገንዘቡን ምንጭ የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠይቃል። ብሩ ሒሳባችን ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ የግዥ ኮሚቴ ይሰበሰብና ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ሎጊያ ውስጥ ጀሪካን በብዛት የሚይዙ ሁለት ነጋዴዎች ብቻ ሲኖሩ ሦስተኛውን ፕሮፎርማ ለማግኘት ሰው ወደ ኮምቦልቻ ይላካል። እኛ ያን ጊዜ በዚህ በሦስተኛው ፕሮፎርማ ብቻ 3 ቀን አጥተናል። ሦስተኛው ዋጋ የሁለቱን ያህል እንኳ አልነበረም፤ ከሁለቱም ውድ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሰው መናገር አለብኝ። ከሎጊያ ነጋዴዎች አንዱ በስልሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ፣ ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ። ኢሜይሉ በደረሰን ማግሥት ወደ መጋዘናቸው ሄጄ ገንዘቡ እንደጸደቀ፣ ነገር ግን ገና እንዳልገባልን ነገርኳቸው። ጎርፉን ስለጠጣው ሕፃንም ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ልጃቸውን ጠሩና በሩን ክፈት አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ስንት ይበቃሻል?» አሉኝ። ሦስት መቶ አልኩ። «ውሰጂው ልጄ። ሰው ይቅደም፤ ሒሳቡ ይደርሳል» አሉ። ወረቀት አላስፈረሙኝም። ጀሪካኖቹ በዚያው ቀን አመሻሽ በአይሱዙ ተጭነው ወጡ፤ የውሃ ማከሚያውንም ከጤና ጣቢያው ጥቂት ለመንን። በመጀመሪያው ሳምንት ከእኛ በኩል ሰዎቹ እጅ የገባው ይኸው ብቻ ነው፤ እሱም ከየትኛውም ፈንድ የመጣ አልነበረም።

ውሉ ሲፈረም ቀኑ ከዚያ 16 ቀን ዘግይቶ ነበር። በኋላም ኦዲተሩ የሦስት መቶዎቹን ጀሪካኖች ወጪ ከሒሳቡ ሰረዘው፤ ምክንያቱም ዕቃው የተወሰደው ከፊርማው ቀን በፊት ነው፣ ከውል በፊት የወጣ ወጪ ደግሞ ተቀባይነት የለውም። ደንቡን አንብቦ ነው ያደረገው፤ ከራሱ የፈጠረው ነገር የለም። ድርጅታችን ያንን ዕዳ ከአባላት መዋጮና ከሠራተኞች አበል እየቀነሰ በ7 ወር ከፈለ። ጋሼ አንድም ቀን ደውለው አልጠየቁንም፤ እኔ ግን በሎጊያ ባለፍኩ ቁጥር በሱቃቸው በኩል ማለፍ ያሳፍረኝ ነበር። ልብ በሉ፤ በጠቅላላው ፕሮጀክት ውስጥ በትክክለኛው ሰዓት የደረሰው ብቸኛ ዕርዳታ፣ ደንቡ ሕገወጥ ያለው ዕርዳታ ነው።

ለደንቡ የሚሟገተውን ወገንም አውቀዋለሁ፤ አከብረዋለሁም። የእርዳታ ገንዘብ የተበላበት ጊዜ አለ፤ በስም ዝርዝር ላይ የሌሉ ሰዎች የተጻፉበት፣ ያልተገዛ ዕቃ ደረሰኝ የቀረበበት ጊዜ አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የሚሠራ ስህተትም አለ፤ እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። በሌላ ዓመት፣ በሌላ ወረዳ፣ የተፈናቃዮችን ዝርዝር ከቀበሌው ጋር ሆነን በአንድ ሌሊት አዘጋጀን። ሸራና ብርድ ልብስ አድለን ከጨረስን በኋላ ነው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የተጠለሉ፣ አብዛኞቹ ያለ ባል ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሴቶች መኖራቸውን ያወቅነው። ዝርዝሩ ሲጻፍ በስብሰባው ላይ አልነበሩም፤ ማንም አልጠራቸውም። እያንዳንዳቸው ፊት ቆሜ አልቋል ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሆኖም ያንን ስህተት የፈጠረው የገንዘቡ ፍጥነት አልነበረም። የፈጠረው፣ አደጋ በየዓመቱ በሚደርስበት ወረዳ ውስጥ ማን የት እንደሚኖር፣ ማን ደካማ እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብ ከአደጋው በፊት አለመዘጋጀቱ ነው። በእርጋታ መሠራት ያለበት ሥራ በበጋ ሳይሠራ ይቀርና በክረምት በሌሊት ይሠራል።

ይህን ነገር ያለ አስረጂ የሚያውቀው ተቋም ዕድር ነው። ዕድር በአገራችን ከማውቃቸው የአስቸኳይ ጊዜ ፈንዶች ሁሉ ፈጣኑ ነው፤ ፍጥነቱም ከዕድርተኞቹ ደግነት ብቻ የመጣ አይደለም። አንድ ሰው ሲሞት ዕድሩ እንርዳ ወይስ አንርዳ ብሎ ስብሰባ አይቀመጥም። ለባል ወይም ለሚስት ስንት እንደሚከፈል፣ ለልጅ ስንት፣ ለእናትና አባት ስንት እንደሆነ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ከዓመታት በፊት ተጽፏል። ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ መጋዘን ውስጥ ነው። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ይታወቃል። ጥሩምባ ነፊው ሰፈሩን ሲዞር ገንዘብ ያዡ ብሩን ቆጥሮ ይዞ ይነሳል፤ በዚያ ቀን የቀረው ብቸኛ ሥራ መርዶው እውነት መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ቁጥጥሩም የላላ አይደለም፤ የወር መዋጮውን ያቋረጠ ሰው ምን እንደሚጠብቀው የማያውቅ የለም፣ ሒሳቡም በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ይነበባል። ውሳኔው ከሞቱ በፊት ስለተወሰነ ነው የሚፈጥነው።

ዕድር የማይችለው አለ። ጎርፉ የአንዱን ቤት ሳይሆን የሁሉንም አባላት ቤት በአንድ ሌሊት ሲወስድ፣ የዕድሩ ካዝና ለሁሉም አይበቃም፤ ድንኳኑም አብሮ ይሄዳል። ትልልቆቹ የጋራ ፈንዶች የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው፤ በአፋር ሲጎርፍ በሌላ አህጉር ያልጎረፈበት ሰው ያዋጣው ገንዘብ እንዲደርስ። ሰርፍን የዕድሮች ዕድር ብዬ ባስበው ደስ ይለኛል። ታዲያ ከዕድር ጋር ሲነጻጸር የጎደለው ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ አስቀድሞ መታወቁ ነው።

በሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ ምሽት በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬት ተንሸራቶ ቤቶችን ቀበረ። በነጋታው ጠዋት ጎረቤቶች፣ የቀበሌው አመራሮች፣ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች ተሰብስበው በአካፋና በእጃቸው የተቀበሩትን ሲፈልጉ ተራራው ለሁለተኛ ጊዜ ተንዶ አዳኞቹን ቀበራቸው። በቀጣዮቹ ቀናት የተቆጠረው ሟች ከ250 አለፈ፤ ከ15 ሺህ በላይ ሰዎች ከስጋት ቦታ መነሳት እንዳለባቸው ተገለጸ። ከሐምሌ 20 ጀምሮ ብሔራዊ የሐዘን ቀን ታወጀ። የቁፋሮ ማሽን ቦታው ድረስ መግባት አልቻለም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ምላሽ ሰጪዎች እነማን እንደሆኑ ይህ ሐዘን ያሳያል፤ በዚያ ሰኞ ጠዋት ማንም ፈንድ፣ ማንም ክላስተር የሚባል የእርዳታ ድርጅቶች ማስተባበሪያ ቡድን እዚያ አልነበረም፣ ሊኖርም አይችልም። የነበረው ጎረቤት ነው። ሕዝቡ በባንክ ሒሳብ ያዋጣው ገንዘብና የድርጅቶቹ ድጋፍ ተከትሎ መጣ፤ ለተረፉትም ጠቀመ። ያንን ጎረቤት ግን ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው፣ ገመድና መብራት በእጁ የሚያኖርለት፣ ከዝናቡ በፊት ቤተሰቡን ከገደሉ ሥር የሚያነሳበት የትራንስፖርት ገንዘብ የሚሰጠው አልነበረም።

ለጋሾችና ትልልቅ ድርጅቶች በግንቦት 2016 እ.ኤ.አ. ኢስታንቡል ላይ፣ እስከ 2020 ድረስ ከሰብዓዊ እርዳታው ገንዘብ 25 በመቶው በተቻለ መጠን በቀጥታ ወደ አገር ውስጥ ምላሽ ሰጪዎች እንዲደርስ ቃል ገብተው ነበር። ዓመቱ ሲደርስ በቀጥታ የደረሰው ከ5 በመቶ በታች ነው። ገንዘቡ ወደ እኛ የሚመጣው በሁለትና በሦስት እጅ ተቀባብሎ ነው፤ እያንዳንዱ እጅ ደግሞ የራሱ ውል፣ የራሱ ምርመራ፣ የራሱ ፊርማ አለው። የ27ቱ ቀን ምሥጢር በአብዛኛው እዚህ ውስጥ ነው።

የጎፋው አደጋ በደረሰ በሳምንቱ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ ዶላር በይፋ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወቅቱ በእጃችን የነበሩት ፕሮፎርማዎች ሁሉ ከንቱ ሆኑ። ሻጮች ዋጋችን የሚጸናው ለ3 ቀን ብቻ ነው ብለው ይጽፉ ጀመር፤ የግዥ ኮሚቴው ሲሰበሰብ 3ቱ ቀን አልፏል፤ እንደገና ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። አስቀድሞ ዋጋ የተቆረጠበት የአቅርቦት ውል የነበራቸው ድርጅቶች ከእኛ በተሻለ ሁኔታ አለፉት።

አስቀድሞ መወሰን ይቻላል ወይ ለሚለው የተሠራ ማስረጃ አለ። በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. በባንግላዴሽ የጃሙና ወንዝ እንደሚሞላ ትንበያው ሲያሳይ፣ ሰርፍ 5.2 ሚሊዮን ዶላር በዚያው ቀን ለቀቀ። ይህ የሆነው ትንበያው የትኛውን መጠን ሲያልፍ ምን ያህል ገንዘብ ለማን እንደሚለቀቅ ከወራት በፊት ተስማምተውበት ስለነበር ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ውሃው ከፍተኛው ላይ ከመድረሱ በፊት ለየቤተሰቡ 4,500 ታካ፣ በአገሩ ገንዘብ፣ በስልክ ላከ። ሰው ገንዘቡን ይዞ ከብቱን አሻገረ፣ ምግብ ገዛ። በዚያው ዓመት ኅዳር ደግሞ ለኢትዮጵያ ድርቅ ቅድመ ምላሽ የሚሆን 20 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ፤ በቀጠናችን በተከታታይ አምስት ወቅት ዝናብ የጠፋበት ያ አስከፊ ድርቅ ገና ሲጀምር ማለት ነው። ቦረና ውስጥ ከብት ማለቁ አልቀረም፤ ገንዘቡም ለዚያ ሁሉ ስፋት አይበቃም ነበር። መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል ግን ከዚያ በፊት ጎረቤታችን ሶማሊያ አሳይታ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ከነሐሴ 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሰጥ ቆይቶ ረሃቡ በይፋ የታወጀው በሐምሌ 2011 ነው፤ በኋላ በተደረገ ጥናት ከሞቱት 258 ሺህ ያህል ሰዎች ግማሽ ያህሉ ከአዋጁ በፊት የሞቱ ናቸው። ግማሹ። ቃሉ እስኪነገር ሲጠበቅ።

አሁን ያለንበት ጊዜ ደግሞ ከቀድሞው የባሰ ነው። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ለ90 ቀን ስታቆም፣ ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ እርዳታ ከሁሉም የበለጠ የምትሰጥ አገር ነበረች፤ የዕርዳታ ድርጅቷ ዩኤስኤይድም በሰኔ 24 ተዘጋ። በመስክ ላይ ያሉ ፈጣን ምላሽ ፕሮጀክቶች ሥራ አቁሙ የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። የቀረው ገንዘብ ትንሽ ሲሆን ለጋሾች ይበልጥ ይጠነቀቃሉ፤ ቅጹ ይረዝማል፣ ፊርማው ይበዛል። እኔ የምፈራው ይህን ነው። ገንዘቡ ባነሰ ቁጥር ሰዓቱ ይበልጥ ሊከበር ይገባ ነበር።

የምጠይቀው ነገር ብዙ አይደለም። አደጋ በየዓመቱ በሚደርስባቸው ወረዳዎች የሚሠሩ የአገር ውስጥ ድርጅቶች በበጋ ይመርመሩ፤ ፈቃዳቸው፣ ኦዲታቸው፣ የግዥ መመሪያቸው ከክረምት በፊት ይታይና ያለፈው ይለፍ፣ ያላለፈውም ምን እንደጎደለው ይነገረው። ካለፉት ጋር ገንዘብ የሌለበት ውል ይፈረም፤ አደጋው ሲደርስ የሚሞላው መጠኑና ቦታው ብቻ ይሁን። ወጪ ተቀባይነት የሚያገኝበት ቀን ከፊርማው ቀን ሳይሆን አደጋው በወረዳው አስተዳደር ከተረጋገጠበት ቀን ይጀምር፤ ይህች አንዲት መስመር ብትለወጥ ኖሮ የጋሼ ጀሪካኖች ባልተሰረዙ ነበር። ሪፖርቱ ላይም ከ«የጸደቀበት ቀን» ቀጥሎ «የመጀመሪያው ዕቃ ሰው እጅ የገባበት ቀን» የሚል ሳጥን ይኑር። ያ ሳጥን ባዶ መሆኑ ወይም 27 መሆኑ ማንንም አያስቀጣ፤ ይታይ ብቻ።

ዘንድሮ አሁን የምሠራበት ድርጅት ከለጋሹ ሳይጠብቅ አንድ ነገር አደረገ። በግንቦት ወር፣ አዋሽ ገና ቀጭን ሳለ፣ ሦስቱን ፕሮፎርማ ሰብስበን፣ የግዥ ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ከአሸናፊው ነጋዴ ጋር ለክረምቱ የሚጸና የአቅርቦት ውል ፈረምን። አሸናፊው ጋሼ ናቸው፤ ዋጋቸው ዝቅተኛ ስለነበር እንጂ ስለ ድሮው ውለታ አይደለም፤ ኮሚቴውም ስለ ውለታው አያውቅም ነበር። የጀሪካኑ ብዛት፣ ዋጋው፣ በስንት ሰዓት እንደሚጫን ሁሉም በአንድ ገጽ ተጽፏል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡና ከመፈረማቸው በፊት አንድ ነገር ጎድሏል አሉኝ። እስክሪብቶውን ሰጠኋቸው። ከመጨረሻው መስመር በታች በእጃቸው «ሌሊትም ቢሆን መጋዘኑ ይከፈታል» ብለው ጻፉና የራሳቸውንና የልጃቸውን ስልክ ቁጥር አከሉበት።